ከመድረሳ እስከ ደወል



ያደግኩት ኮምቦልቻ ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ እኔም ሁለት ትምህርት ቤት ነበረኝ። አንዱ ከሱብሒ ሶላት በኋላ የምንቀራበት መድረሳ ሲሆን ሌላው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከመድረሳ የምንለቀቀው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ደግሞ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ይደወላል። በእነዚህ 45 ደቂቃዎች ውስጥ ቤት ደርሰን፣ ዩኒፎርም ቀይረን፣ ቁርስ በልተን መውጣት አለብን። ከእኔ በ2 ዓመት የምትበልጠው እህቴ አብራኝ ትሮጣለች። በር ላይ ስንደርስ ቁርሱ ቀርቦ ይጠብቀናል። በአዘቦት ቀን ቂንጬ፣ ጁሙዓ ጠዋት ጨጨብሳ፣ ብርድ ሲበረታ ወይም አንዳችን ስንታመም ገንፎ። ኡስታዛችን ዘግይተው የለቀቁን ቀን ደግሞ እማ የበሶ ጭብጦ በእጃችን ታስይዘንና እየበላን እንሮጣለን።

እህቴ ጠዋት ከእኔ ቀድማ ትነሳ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም።

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ማስላት ይቀናኛል። በሳምንት 5 ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት፣ ለ12 ዓመት ብዬ ሳባዛው 2,400 ቁርስ ይመጣል። ከ2,400ው አንዱን እንኳ ሲሠራ ቆሜ አይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ ስለ ቁርስ አሠራር ልጽፍላችሁ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው። አስቀድሜ ግን አንድ ኑዛዜ አለብኝ።

አልጋ ሥር የቀረው ስንቅ

ዩኒቨርሲቲ ስመደብ እማ በሶ አዘጋጅታ ሰማያዊ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ ሰጠችኝ። «ፈተና ሲበዛብህ በጥብጠህ ጠጣ» አለችኝ። ዶርም ስገባ ስድስት ነበርን። የጅማው ልጅ ማር ይዞ መጥቷል፤ የጅግጅጋው ተምር። ሌሎቹ የታሸገ ብስኩትና ኦቾሎኒ ቅቤ ደረደሩ። እኔ ዕቃዬን ከፍቼ ማሳየት አፈርኩ። በሶ የባላገር ስንቅ ነው፣ ከተማ አያውቅም ይሉኛል ብዬ አልጋ ሥር ገፋሁት። ማንም እንዲህ አላለኝም፤ ራሴ ነኝ ለራሴ ያልኩት።

ሴሚስተሩ ሲያልቅ ስከፍተው ነቅዟል። ሰው ሳያይ ወስጄ ደፋሁት። በዚያው ሰሞን እማ ደውላ «በሶው አለቀ ወይ?» ስትለኝ «አለቀ፣ አልሐምዱሊላህ» አልኳት። መዋሸቴ ሳያንስ አልሐምዱሊላህ ጨመርኩበት።

በሁለተኛው ዓመት በመግሪብና በዒሻ መካከል በምንቀመጥበት ደርስ ላይ ስለ ዉዱእ እንማር ነበር። ኡስታዙ ቡኻሪ የዘገቡትን የሱወይድ ኢብኑ ኑዕማንን (ረ.ዐ) ሐዲስ አነሱ። ነገሩ በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ወደ ኸይበር በተደረገው ጉዞ ላይ ነው። ሠራዊቱ ሰህባእ የሚባል ቦታ ሲደርስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዐስርን ሰገዱና ስንቅ እንዲቀርብ አዘዙ። የቀረበው ሰዊቅ ብቻ ነበር። በውሃ እንዲርስ አደረጉ፤ በሉ፤ ሰሐቦችም አብረው በሉ። ለመግሪብ ሲነሱ አፋቸውን ተጉመጥምጠው ዉዱእ ሳያድሱ ሰገዱ። የደርሱ ቁም ነገር እሳት የነካው ምግብ ዉዱእ ማፍረስ አለማፍረሱ ላይ ነበር። ኡስታዙ በመሐል «ሰዊቅ ማለት ተቆልቶ የተፈጨ ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ እኛ በሶ የምንለው መሆኑ ነው» ብለው አለፉ።

ሌሎቹ አብረዋቸው አለፉ፤ እኔ እዚያው ቀረሁ። ያፈርኩበትና የደፋሁት ስንቅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በጉዞ ላይ የበሉት ዓይነት ነበር።

ጄሶ

ባለፈው ክረምት ለእረፍት ቤት ገባሁ። አባቴ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ስለሆነ በሳምንት አንድ ቀን ቢያድር ነው። እህቴ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፤ አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ነው የሄደችው። ቤት ውስጥ እኔና እማ ብቻ ነን። በሐምሌ አጋማሽ እማ ለሱብሒ ዉዱእ ልታደርግ ስትወጣ የግቢው ጭቃ አንሸራተታትና ወደቀች። ቀኝ የእጅ አንጓዋ ተሰብሮ ለ6 ሳምንት በጄሶ ታሰረ።

የወሎ ጎረቤት ይክበርልኝ፤ ምሳና እራት አላሳሰበንም። በፍልሰታ ጾም ላይ የነበሩት ክርስቲያን ጎረቤታችን ሳይቀሩ ሽሮ በሌማት ይዘው ይመጡ ነበር። ጠዋት ግን ሁሉም የየራሱ ቤትና ልጆች አሉት። በማግስቱ ከመስጂድ ስመለስ መደቡ ላይ ምንም አልቀረበም። እማ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። «ምን ልሥራልሽ?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ምን ትችላለህ?» አለችኝ። ለሽሙጥ አልነበረም፤ ከልቧ መጠየቋ ነው። የምችለው ሻይ ማፍላት ነበር።

መድረሳ እያለሁ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቃ፣ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበርና የሶላት ሰዓት ሲደርስ ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መመለሷን ተምሬአለሁ። ቡኻሪ ዘግበውታል። ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። ከምበላበት ቦታ እስከ ማድ ቤታችን ግን አራት ሜትር አይሞላም፤ እሷን ተሻግሬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ገንፎ

«ገንፎ» አለች እማ። ከሁሉም ከባዱን መረጠች።

ድስት ውስጥ 4 ብርጭቆ ውሃ ጨው ጨምሬ አፈላሁ። ሲፈላ አንዱን ብርጭቆ ቀንሼ አስቀመጥኩ። ለስለስ ብሎ ታምሶ የተፈጨ 2 ብርጭቆ የገብስ ዱቄት ጨመርኩና በእንጨት ማማሰያው አማሰልኩ። በደቂቃ ውስጥ ድስቱ በጓጎላ ተሞላ። አንዱን ስሰብረው ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። በኃይል ባማስልም ጓጎላው ከማማሰያው ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አይሰበርም።

ምክንያቱን ያወቅኩት ኋላ ነው። የገብስ ስታርች 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ውሃ መጥጦ ያብጣል፤ ይለጠልጣል። የዱቄቱ ውጨኛ ክፍል ቀድሞ ያብጥና ውስጡን ይዘጋዋል፤ ውሃ ማለፊያ ያጣል። ስለዚህ ጓጎላውን ማዞር ሳይሆን መስበር ያስፈልጋል። እማ ይህን ሁሉ በአንድ ቃል ጨረሰችው፦ «አታዙረው፣ በድስቱ ጎን ደፍጥጠው!» ከዚያ ተነስታ መጣችና በግራ እጇ የድስቱን ጆሮ በጨርቅ ያዘችልኝ። እሷ ድስቱን ያዘች፣ እኔ ደፈጠጥኩ፤ ሁለታችን ተጋግዘን የአንድ ሴት ሥራ ሠራን። የቀነስኩትን ውሃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ ገንፎው ከድስቱ ተላቆ አንድ ላይ እስኪሆን ድረስ አማሰልኩት። 20 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ፤ ክንዴ ተንቀጠቀጠ።

ቅቤ በተቀባ ሳሕን ላይ ገልብጬ፣ ውሃ በነካ ጭልፋ ጀርባ መሐሉን ጎድጎድ አድርጌ፣ ንጥር ቅቤ በበርበሬ አሙቄ አፈሰስኩበት። ዳር ዳሩን እርጎ። መልኩ ገንፎ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ገና ጓጎላ ነበረው።

ሳቀርብላት ቀኝ እጇ ጄሶ ውስጥ ነው። በግራ መብላት ለተቸገረ ዑዝር መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ከበዳት። «ቢስሚላህ» ብዬ ከዳር ቆርሼ፣ ቅቤው ነክሬ አጎረስኳት። ጓጎላው ጥርሷ ላይ ሲሰበር ሰማሁት። ዋጠችና «አልሐምዱሊላህ» አለች። ያን ጊዜ የራሴ አልሐምዱሊላህ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሆነን ወደ መሐሉ ቅቤ እጃችንን ስንልክ በማማሰያው ቸብ ታደርገን ነበር። በረካ በምግብ መሐል ስለምትወርድ ከዳር ጀምረን እንድንበላ የሚያዘውን፣ ቲርሚዚ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ በመጀመሪያ የተማርኩት ከኪታብ ሳይሆን ከገንፎ ሳሕን ነው።

ቂንጬና ጨጨብሳ

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ቁርስ የእኔ ሆነ። ለጀማሪ ግን በቂንጬ ጀምሩ እላለሁ። አንድ ብርጭቆ የተከካ ስንዴ ወይም ገብስ በደንብ እጠቡ። ሁለት ብርጭቆ ተኩል ውሃ በጨው አፍልታችሁ ጨምሩበት፤ እሳቱን ቀንሳችሁ ክደኑት። ውሃውን ሲመጥ እሳቱን አጥፉና ክዳኑን ሳትከፍቱ 5 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ማንኪያ ንጥር ቅቤ ጨምራችሁ በቀስታ አዋሕዱት። አጥብቆ ማማሰል ያላቁጠዋል።

ስንት ደቂቃ ይፈጃል ብትሉኝ ከ15 እስከ 25 ነው። ልዩነቱ ከክኩ መጠን ብቻ አይመጣም። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደሴ ግን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው። የፈላ ውሃ ሁሉ እኩል ስለማይሞቅ ከፍ ያለ አገር ላይ እህል ለመብሰል ይዘገያል። ይህን ለእማ ሳስረዳት ሰማችኝና «እኔማ ቀምሼ ነው የማወጣው» አለችኝ። እናንተም ቅመሱት።

ለጨጨብሳ ሁለት ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት፣ ቁንጥር ጨው፣ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ አቡኩት፤ እርሾ የለውም። ስስ አድርጋችሁ በብረት ምጣድ ላይ በመካከለኛ እሳት በሁለቱም ጎን ጋግሩት። ትልቁ ነገር ቂጣው እንደ ጋለ መቆራረስ ነው፤ ከቀዘቀዘ ቅቤውን አይጠጣም። ጣታችሁ ይቃጠላል፤ ትንሽ ቻሉት። ቅቤውን ለብቻ አቅልጣችሁ ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ በርበሬውን ጨምሩ፤ እሳት ላይ እያለ ከጨመራችሁት ያርራል። ከዚያ የተቆራረሰውን ቂጣ አዋሕዱት። በማር ወይም በእርጎ ይበላል። ስሙ ኦሮምኛ መሆኑንና መቆራረስን እንደሚያመለክት የነገረኝ ማር ይዞ የመጣው የጅማው ልጅ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት እህቴ የድምፅ መልእክት ላከች፦ «ለእማ ቁርስ ማን ነው የሚሠራላት?» «እኔ» ብዬ የጨጨብሳውን ፎቶ ላክሁላት። መልሷ ረጅም ሳቅ ነበር። ቀጥሎ የመጣው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው፤ አሠሪዎቿ አጠገቧ ነበሩ መሰለኝ። «እኔ በ9 ዓመቴ ነው የጀመርኩት» አለች። «ወንበር ላይ ቆሜ።»

ደጋግሜ ሰማሁት። እሷ 9 ዓመት ሲሆናት እኔ 7 ነበርኩ። ያ ሁሉ ቀርቦ የጠበቀኝ ቁርስ ግማሹ የእሷ እጅ ነበረበት። አንድ ኡስታዝ ፊት ተቀምጠን፣ አንድ ሱራ ቀርተን፣ እኔ ሱብሒ ድረስ ስተኛ እሷ እሳት ታያይዝ ነበር። አሁን እኔ ዩኒቨርሲቲ ነኝ፤ እሷ ሪያድ ለሰው ልጆች ቁርስ ታቀርባለች። የዚህ ሁሉ ምክንያት ቁርስ ነው አልልም፤ የቤት ኑሮ ብዙ ምክንያት አለው። ነገር ግን በዚያች 45 ደቂቃ ውስጥ እኔ ያረፍኩትን ያህል እሷ አላረፈችም። «አፉ በይኝ» ብዬ ላክሁላት። «ጨውን ከዱቄቱ በፊት ውሃው ላይ አድርገው» ብላ መለሰችልኝ። እህቴ እንዲህ ናት።

ዕቃው

ወደ ግቢ ልመለስ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ በሶ ራሴ ላዘጋጅ ብዬ ተነሳሁ። 4 ኪሎ ገብስ ለቅመን፣ እርጥበት አስነክተን፣ ገለባው እንዲለቅ ሸክሽከን፣ አበጥረን፣ ፀሐይ ላይ አሰጣነው። ከዚያ በምጣድ ላይ እየቀያየርኩ አመስኩት። እሳቱ ከበረታ ውጩ ያርርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጥሬ የቀረ ደግሞ ሆድ ይነፋል ትላለች እማ። ሽታው ቤቱን ሲሞላው፣ እማ አጠገቤ ተቀምጣ ፍሬውን በጥርሷ እየሰበረች ስትፈትሽ፣ መደበቅ አልቻልኩም። የመጀመሪያውን በሶ እንደደፋሁትና እንደዋሸኋት ነገርኳት።

ትንሽ ዝም አለች። ገብሱን በግራ እጇ አገላበጠችው።

«ዕቃውስ?» አለች።

«እ?»

«ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃዬ፤ እሱንም ጣልከው?»

«ኧረ አለ። ሳሙና አስቀምጥበታለሁ።»

«በል እሱን በደንብ እጠበውና በዚያው ውሰድ። ሳሙና ሳሙና እንዳይል» አለችኝና ወደ ምጣዱ ጠቆመች፤ ማረር ጀምሮ ነበር።

ወፍጮ ቤት ወስጄ አልሞ እንዲፈጭልኝ አደረግሁ።

ለናንተ ለዶርም ልጆች የምመክራችሁ ይህንኑ ነው። ዶርም ውስጥ ምድጃ አይፈቀድም፤ በሶ ደግሞ ሲታመስ አንዴ ስለበሰለ እሳት አይፈልግም። አንድ ብርጭቆ በሶ፣ ቁንጥር ጨው፣ ሁለት ማንኪያ የቀለጠ ቅቤ ወይም ዘይት አዋሕዱ። ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየጨመራችሁ በጡጫ ሲጨበጥ የማይበተን ሲሆን ጭብጦ ነው። መጠጣት ለፈለገ ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ሦስት ማንኪያ በሶ፣ ውሃና ማር ወይም ስኳር ጨምሮ መነቅነቅ ነው። ዕቃው ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። ገብስ ቶሎ የማይፈጭ አሰር ስላለው ረሃብ ያዘገያል። በረመዳን ለሰሁር፣ ሰኞና ሐሙስ ለምትጾሙም ይሆናል። ሰሁር በረካ እንዳለው ታውቃላችሁ።

ከግቢ ውጭ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ቂንጬ ሞክሩ። ገንፎና ጨጨብሳ ለእረፍት ይቆዩ፤ ቤት ስትገቡ አንድ ጠዋት ከእናታችሁ ቀድማችሁ ተነሱ። ይህን የምለው በተለይ ለወንድሞቼ ነው፤ እህቶቻችን ወንበር ላይ ቆመው ጀምረውታል። አንዳችን እናታችን እስክትወድቅ አንጠብቅ።

የእማ ጄሶ ተፈቷል፣ አልሐምዱሊላህ። እጇ በብርድ ጊዜ ያማታል፤ በዱዓችሁ አስቧት። ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ ዘንድሮ አልጋ ሥር አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው። ከሱብሒ በኋላ የዶርሜ ልጆች ማንኪያ ይዘው ይመጣሉ፤ የጅማው ልጅ ማሩን ያመጣል። ባለፈው ሳምንት እማ ደወለችና «በሶው አለቀ ወይ?» አለችኝ።

«ግማሽ ደርሷል» አልኳት። እውነቴን ነበር።